ትንሽ የካምፕ ተጎታች በገዛ እጄ ልሠራ ነው፤ አክስሉ የት ይቀመጥ?

ጎጆ ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ የኋላ ክዳኑ ሲነሣ ማብሰያ ቦታ የሚሆንና በመካከለኛ የቤት መኪና የሚጎተት ትንሽ የካምፕ ተጎታች በገዛ እጄ ለመሥራት ካሰብሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቅርጹ ከፊት ድቡልቡል ሆኖ ወደ ኋላ እየሳሳ የሚወርድ፣ የእንባ ጠብታ የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሲሠሩት የኖሩት ቅርጽ ሲሆን፣ እኔን የሳበኝ አንዱ ጎን 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ተቆርጦ መውጣቱ ነው።

እስካሁን የሠራሁት ንድፉን ብቻ ነው። የመኝታውን ልክ በክፍላችን ወለል ላይ በፕላስተር አስምሬ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሌሊት ተኝተንበታል። 1.22 ሜትር ስፋት ጠበበን፤ አንዳችን ስንገላበጥ ሌላችን እንነቃ ነበር። ወደ 1.40 ሜትር ስናሰፋው ግን በሰላም አደርን፤ ስለዚህ ወለሉን ከሁለት ቁራጭ ለመግጠም ወስኛለሁ።

ሻሲው፣ ማለትም የሥሩ የብረት ክፈፍ፣ ያረጀ የዕቃ ተጎታች ነው። አልጋው (ዕቃ የሚጫንበት ወለል) 2.44 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከአልጋው ጫፍ እስከ መጎተቻው ኳስ (ተጎታቹ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ደግሞ 1.20 ሜትር ነው። የቀድሞው ባለቤት አክስሉን (የጎማዎቹን ዘንግ) ሲቀይሩ ከአልጋው ትክክለኛ መሐል ላይ አስበይደውታል። እኔም ሚዛኑን የጠበቀ ይሆናል፣ ሲፈታም በእጅ ለማንሣት ይቀላል ብዬ እንዳለ ልተወው አስቤ ነበር። ሆኖም የምታውቁት ሰዎች ሳትነግሩኝ ብየዳም ሆነ መጋዝ መንካት አልፈለግሁም። የጎኖቹን ግድግዳ በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለመሥራት ማሰቤስ ትክክል ነው?

ረጅም መንገድ

ወንድማችን፣ ገና ምንም ሳይቆርጡ ስለ አክስሉ በመጠየቅዎ እጅግ ደስ ብሎኛል። አብዛኞቻችን ስለ ፍራሽና ስለ መስኮት ስንጨነቅ ከርመን አክስሉን የምናስታውሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው በዚህ ሥራ ላይ በትክክል ይደርሳል።

የመጀመሪያ ተጎታቼን የሠራሁት እርስዎ እንዳሰቡት አክስሉን መሐል ላይ አድርጌ ነበር። በዝግታ ስጎትተው ምንም እንከን አልታየበትም። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ግን ግራና ቀኝ መንገዋለል ጀመረ፤ በመጀመሪያ በመስታወት ብቻ የሚታይ ነበር፣ ከሦስት ወይም ከአራት ምልልስ በኋላ ግን የመኪናውን ኋላ ይዞ ይንጥ ጀመር። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ። እግሬን ከነዳጁ አንሥቼ፣ ፍሬን ሳልረግጥና መሪውን ለማረም ሳልሞክር ቀጥ አድርጌ በመያዜ ቀስ በቀስ ረጋ። በማግሥቱ ተጎታቹን ባዶ አድርጌ መለካት ጀመርሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ሳልመዝነው መጓዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተጎታች በመኪናው ኳስና በራሱ ጎማዎች መካከል የሚንጠለጠል አካል ነው። የስበት ማዕከሉ (ክብደቱ ሁሉ የሚመዛዘንበት ነጥብ) ከአክስሉ በበቂ ርቀት ወደ ፊት ሲሆን፣ ነፋስ ወይም ጉድጓድ ወደ ጎን ቢገፋው እንቅስቃሴው ራሱን በራሱ ያበርዳል። ማዕከሉ አክስሉ ላይ ሲያርፍ ወይም ወደ ኋላው ሲያልፍ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው እየሰፋ የሚሄድበት ፍጥነት ይኖራል፤ ከዚያ ፍጥነት በታች ደኅና መስሎ መታየቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ማዕከሉ በበቂ ሁኔታ ወደ ፊት መሆኑ የሚታወቀው በኳሱ ላይ በሚያርፈው ክብደት ነው። በአሜሪካ የተለመደው ምክር ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ኳሱ ላይ ይረፍ የሚል ነው። በአውሮፓ ብዙ መኪናዎች የሚፈቅዱት የኳስ ጫና ከዚህ ያነሰ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ አውጥተው የሚፈቅደው ከፍተኛ የኳስ ጫና ስንት ኪሎ እንደሆነ ይመልከቱ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በተጎታቹ ላይ የሚኖረውን ነገር ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ግምታዊ ክብደቱንና ከመጎተቻው ኳስ ያለውን ርቀት ይጻፉ። ኮምፔንሳቶ በኪዩቢክ ሜትር ከ600 እስከ 700 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ይዘው ቢያሰሉ ከእውነቱ ብዙ አይርቁም። ዝርዝሩን እዚህ ያስቀምጡልን፤ አብረን እናሰላለን።

ጎጆ ሠሪ

ስላካፈሉን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ልጆችዎ በውስጡ እንደነበሩ ሳነብ ሥራውን ለማቆም ሁሉ አስቤ ነበር። ዝርዝሩን ለመሥራት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ።

አክስሉና ጎማዎቹ ወደ 80 ኪሎ ይሆናሉ። የቀረው የሻሲው ብረት 90 ኪሎ ሲሆን መሐሉ ከኳሱ 2.10 ሜትር ላይ ነው። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሮቹና ክዳኑ በአንድነት 190 ኪሎ፣ በ2.42 ሜትር ላይ። ፍራሽና አልባሳት 25 ኪሎ፣ በ2.10 ሜትር። የማብሰያው ቁም ሣጥን ከነዕቃው 45 ኪሎ፣ በ3.35 ሜትር። ከሥሩ የሚቀመጠው 20 ሊትር ውሃ በ3.30 ሜትር። ባትሪው 25 ኪሎና ትርፍ ጎማው 15 ኪሎ፣ ሁለቱም በመጎተቻው ክንድ ላይ በ1.00 ሜትር። የመኪናዬ መመሪያ የሚፈቅደው የኳስ ጫና 75 ኪሎ ነው።

ረጅም መንገድ

ጥሩ አድርገው ሠርተውታል። አክስሉና ጎማዎቹ መሬት ላይ ቀጥታ ስለሚያርፉ ለኳሱ ጫና አይጨምሩም፤ ስለዚህ ለጊዜው ወደ ጎን እንተዋቸው። የቀረው 410 ኪሎ ነው። እያንዳንዱን ክብደት በርቀቱ አባዝተን ስንደምር 958 ይመጣል፤ ይህን ለ410 ስናካፍል የስበት ማዕከሉ ከኳሱ 2.34 ሜትር ላይ ይወድቃል።

አክስሉ አሁን ባለበት ማለትም ከኳሱ በ2.42 ሜትር ላይ ቢቀር፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈው 410 ሲባዛ በ8 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ ሲካፈል ለ2.42 ሜትር ነው፤ 14 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ከጠቅላላው 490 ኪሎ 3 በመቶ አይሞላም። ለጉዞ ስትነሡ 30 ኪሎ ሻንጣና ወንበር ከኋላ ብትጭኑበት ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል፤ ተጎታቹ ኳሱ ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው። በእጅ ለማንሣት የቀለለበት ምክንያት ራሱ በመንገድ ላይ አደጋው ነው።

አሁን ወደ 12 በመቶ፣ ማለትም ወደ 59 ኪሎ እናምጣው። ስሌቱ አክስሉን ከኳሱ በ2.73 ሜትር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ካለበት በ31 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ከአልጋው ርዝመት አንጻር ሲታይ 63 በመቶው ከአክስሉ በፊት፣ 37 በመቶው ከኋላ ይሆናል። የቆዩ ሠሪዎች «ስድሳ በአርባ» የሚሉት ከዚህ ብዙም የማይርቅ ነው፤ ነገር ግን በስድሳ በአርባው ብቻ ከመታመን የራስን ዝርዝር ማስላት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሕጉ ማብሰያ ቤትዎ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቅም።

ውሃውን በተመለከተም ይጠንቀቁ። ያ 20 ሊትር ውሃ ከኋላ ወደ አልጋው ፊት፣ ማለትም በሁለት ሜትር ቢዛወር የኳሱ ጫና በ15 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። አንድ ጀሪካን ይህን ያህል ይለውጣል። የመጫኛ ቦታዎን እንደ ንድፉ አንድ አካል ይቁጠሩት።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ እኔም ለመሥራት የማስብ ሰው ነኝ። አክስል ፈትቶ እንደገና ከመበየድ የመጎተቻውን ክንድ ማስረዘም ወይም ፊት ላይ ክብደት መጨመር አይቀልም?

ረጅም መንገድ

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ስለሆነ መጠየቅዎ መልካም ነው። የእኚህን ወንድማችንን ክንድ በ60 ሳንቲ ሜትር ብናስረዝመው የስበት ማዕከሉም አክስሉም ከኳሱ እኩል ይርቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው 8 ሳንቲ ሜትር አይለወጥም። የሚካፈልበት ርዝመት ግን ስለሚጨምር የኳሱ ጫና ከ14 ወደ 11 ኪሎ ይቀንሳል። ረጅም ክንድ ተጎታችን ያረጋጋል የሚባለው እውነት ነው፤ ወደ ኋላ መንዳትንም ያቀልላል። ይሁን እንጂ ያለቦታው የተቀመጠን አክስል አያድንም።

ክብደት መጨመርንም አስልቼዋለሁ። በክንዱ ላይ ብረት በመጫን ብቻ 12 በመቶ ለመድረስ ከ90 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ክብደት በየዳገቱ መጎተት ብቻ ሳይሆን፣ በዳርና በዳር የተቀመጠ ክብደት ተጎታቹ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ በቶሎ እንዳይቆም ያደርገዋል። ከባድ ዕቃ ሁሉ ወደ አክስሉ ሲቀርብ ይሻላል፤ በዚህ ምክንያት እኔ ብሆን ባትሪውን እንኳ ከክንዱ አንሥቼ ከአልጋው ሥር ወደ መካከሉ አመጣውና የአክስሉን ቦታ እንደገና አሰላ ነበር። ይህ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ባትሪን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማድረግም የራሱ ጥቅም አለው።

ብየዳ ቤት

ለብዙ ዓመታት በብየዳ የምተዳደር ነኝ፤ በቁጥሮቹ ተስማምቻለሁ። አክስሉን ማዛወር የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ነገር ግን የሚከተሉትን ሳያደርጉ አይጀምሩት።

ባሌስትራው የሚንጠለጠልባቸው ጆሮዎች ወደሚዛወሩበት ቦታ ከመሄዳቸው በፊት የሻሲውን ቱቦላሬ ውፍረት ይለኩ። ያረጀ ብረት ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ዝገት ሊበላው ይችላል። በመዶሻ መታ መታ አድርገው ድምፁ ደነዝ የሚልበትን ቦታ ካገኙ ቁራጩን ይቀይሩ እንጂ ከላይ አይለጥፉበት። 50 በ50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ለዚህ መጠን ተጎታችም በቂ ነው፤ ከዚህ ማወፈር የሚያተርፈው ክብደት ብቻ ነው። ጆሮው የሚያርፍበትን ቦታ በተጨማሪ ላሜራ ያስፉት። የመጎተቻው ክንድ ከፍተኛ መታጠፍ የሚደርስበት ከአልጋው የፊት ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት መስመር ስለሆነ፣ እዚያ ላይ በክንዱ የላይና የታች ፊት በስፋቱ የሚያቋርጥ ብየዳ አያድርጉ። በጎኑ፣ በርዝመቱ ይበይዱ። ተሰብረው ወደ እኔ የመጡ ክንዶች አብዛኞቹ የተሰነጠቁት በዚያ በሚያቋርጠው ብየዳ ጫፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀጥታነት ነው። አክስሉን በጊዜያዊ ነጥብ ብየዳ ይያዙት፤ ከዚያ ከመጎተቻው ኳስ መሐል እስከ ግራው ጎማ መቀመጫና እስከ ቀኙ ጎማ መቀመጫ በሜትር ይለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ተጎታቹ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ እየተጎተተ ጎማውን ይበላል። ከአልጋው ጠርዝ ተነሥቶ መለካት አያስተማምንም፣ አልጋው ራሱ ቀጥ ያለ ላይሆን ይችላልና።

አንድ የሚያሳስበኝ ግን አለ። ይህ የዕቃ ተጎታች አክስል ስንት ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ነው? 1,500 ኪሎ የሚችል ባሌስትራ 500 ኪሎ ቢጫንበት እንደ ድንጋይ ደርቆ ይዘላል፤ በጥቂት ወር ውስጥ የቁም ሣጥኑ መጋጠሚያ ይላቀቃል። ኩሽኔታዎቹንም አውጥተው ያጽዱ፣ ጉዳት ካለ ይቀይሩ፣ በአዲስ ግሪስ ይሙሏቸው።

ጎጆ ሠሪ

አክስሉ 750 ኪሎ ይችላል፤ ባሌስትራው አራት ቅጠል አለው። ፍሬን የለውም።

ብየዳ ቤት

750 ለእርስዎ ክብደት ይስማማል። ፍሬኑን በተመለከተ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በአውስትራሊያ እስከ 750 ኪሎ ያለ ፍሬን ይፈቀዳል፤ የሚኖሩበት አገር የሚጠይቀውን የሻሲ ምርመራና ምዝገባ ግን አካሉን ሳይጭኑበት፣ ብረቱ ገና እርቃኑን ሳለ ይጨርሱ። መርማሪው ብየዳውን ሊያይ ይፈልጋል፤ ከወለል በታች ተኝቶ ከሚያይ ቆሞ ቢያይ ለሁለታችሁም ይሻላል።

የእንጨት ሰው

ስለ ግድግዳው እኔ ልመልስ። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለመቁረጥም ለመግጠምም ቀላል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው መጥፎ ምርጫ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ጎኖች ብቻ ከመቆረጣቸው በፊት ወደ 70 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሙቀትንም ብዙ አይከላከሉም። እኔ የምሠራው ከ6 ሚሊ ሜትር የውጭ ኮምፔንሳቶ፣ ከቀጭን የጣውላ ክፈፍ፣ በመካከሉ ከተሞላ ጠንካራ ፎምና ከ3 ሚሊ ሜትር የውስጥ ኮምፔንሳቶ ነው። ከ20 ኪሎ በላይ ይቀንሳል፤ ሌሊት ለብርድ፣ ቀን ለፀሐይም ይበጃል። የሚያስከፍለው ትዕግሥት ነው። ማጠፊያ፣ መብራት፣ መደርደሪያ የሚታሰርበትን ቦታ ሁሉ አስቀድመው አውቀው በዚያ ቦታ በፎሙ ፋንታ ጣውላ ማስገባት አለብዎት፤ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ፎም ብሎን አይዝም።

ተጎታችን የሚገድለው አደጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ኮምፔንሳቶ በፊቱ ውሃ ብዙ አይጠጣም፤ በጠርዙ ግን እንደ ገለባ ይመጠዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ፣ የበርና የመስኮት ቀዳዳዎችን፣ የወለሉንም ሥር ከመግጠምዎ በፊት በኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ መጀመሪያው ሲጠጣ ሁለተኛው ይዘጋዋል። ለብሎን የበሱትን ቀዳዳ ሁሉ ሰፋ አድርገው ከበሱ በኋላ በኢፖክሲ ሞልተው፣ ሲደርቅ በመሐሉ እንደገና ይብሱት፤ ብሎኑ እንጨቱን ሳይነካ ይገባል። አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ። የራሴን የመጀመሪያ ተጎታች ወለል ከአራት ዓመት በኋላ በጣቴ ስጫነው ገብቶልኛል፤ ውሃው የገባው በአንዲት የመብራት ብሎን ቀዳዳ ነበር።

ውጩን በአሉሚኒየም ላሜራ የሚያለብሱ ከሆነ ደግሞ ብረቱ እንደሚለጠጥ አይርሱ። ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ 3.3 ሜትር የጣሪያ ላሜራ በብርድ ሌሊትና በፀሐይ ቀን መካከል ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለያይ በ3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሙሉ በሙሉ በማጣበቂያ ከተጣበቀ መሄጃ ሲያጣ ያብጣል፣ ይንኳኳል። ስለዚህ ላሜራው በነጻነት ይቀመጥ፤ ዳር ዳሩን በማዕዘን አሉሚኒየም ይያዝ፤ ከማዕዘኑ ሥር የማይደርቅ የቡታይል ማሸጊያ ጥቅል ይዘርጋ። ሲሊኮን ለዚህ ቦታ አልመክርም፤ አንድ ጊዜ ከተላቀቀ በኋላ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይይዝም፣ ቀለምም አይቀበለውም።

አሁን ወደ ኋላ ክዳኑ ልምጣ፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱ እርሱ ነውና። የታጠፈው ክዳን ከቦታው ሲነሣ እንጨቱ ወደ ቀጥታው ለመመለስ ይፈልጋል፤ ሲዘጉት ከታች ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ይህን ለማስቀረት የክዳኑን ጎድኖች ቀጥ ያለ እንጨት በማጠፍ ሳይሆን ከኮምፔንሳቶ በቅርጹ ልክ በመቁረጥ ይሥሯቸው። ከላይ የሚለብሰውን ቆዳ ደግሞ አንድ ወፍራም ከማጠፍ ሁለት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አንዱን በሌላው ላይ በኮላ አጣብቀው ያጥፉ፤ ኮላው ሲደርቅ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ቅርጹን ይጠብቃል። ክዳኑን በተጎታቹ ላይ እንዳለ ይሥሩት፤ በማሰሪያ ገመድ አስረው ሁለት ሙሉ ቀን ሳይነኩ ይተዉት።

አሥራ ሁለት ቮልት

በመብራቱ በኩል አጭር ነገር ልበል። ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ ላይ ፊውዙን በተቻለ መጠን ለባትሪው ያቅርቡት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦ አያቅጥኑ። ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ ማብሰያ 5 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው፤ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 5 አምፔር ቢያልፍ 0.6 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይቀራል። አምፖል ይችለዋል፤ ማቀዝቀዣ ግን ባትሪው ሳያልቅ መሥራት ሊያቆም ይችላል። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ኪሳራው ወደ 0.2 ቮልት ይወርዳል።

ባትሪዎ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ አሲድ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር በግማሹ ይጠቀሙ። ሲሠራ 4 አምፔር የሚወስድ ትንሽ ማቀዝቀዣ ከቀኑ ሲሶውን ቢሠራ በቀን 32 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ከመብራት ጋር ሲደመር ባትሪው ሁለት ቀን አይዘልቅም።

የመንገድ መብራቶቹን በተመለከተ፣ የመመለሻ መስመሩን በመጎተቻው ኳስ ብረት በኩል አያድርጉት። ግሪስና ዝገት ሲገባበት መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። የራሱ ሽቦ ይኑረው።

የድንኳን ልጅ

ስለ አየር ማንም ስላላነሣ ልጨምር። እኔና እኅቴ በተዘጋ ትንሽ ተጎታች ውስጥ ባደርንበት የመጀመሪያ ሌሊት ጠዋት ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ዝናብ ገባ ብለን ስንፈልግ ቆየን፤ ለካ የራሳችን ትንፋሽ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ በትንፋሽና በላብ ያወጣሉ፤ ያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ይጤዛል። ከፍራሹ ሥርም እንዲሁ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ፍራሹን በወለሉ ላይ በቀጥታ አያንጥፉት፣ ክፍተት ባላቸው ጠባብ ጣውላዎች ላይ ይነጠፍ።

መውጫና መግቢያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጣሪያ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ከጎን። ሁለቱም ሊዘጉ የማይችሉ ይሁኑ፣ በብርድ ሌሊት ሰው እጁ ወደ መዝጋት ይሄዳልና። በውስጥ ምንም ዓይነት እሳት አታብሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ማብሰያው ከክዳኑ ሥር፣ ከውጭ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። የጋዝ ሲሊንደሩንም ከመኝታው በሙሉ ግድግዳ ለዩት፤ ፕሮፔንም ቡቴንም ከአየር ስለሚከብዱ ቢያፈተልኩ ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ስለዚህ የሲሊንደሩ ሣጥን ከሥሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ ይኑረው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ትንሽ ነገር ናት፤ እባክዎ ያስገቡ።

ጎጆ ሠሪ

ከሰባት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። በዚህ ገጽ የተሰጠኝን ምክር አትሜ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌው ነበር፤ አሁን ወረቀቱ ኢፖክሲና ግሪስ ጠጥቶ አይነበብም።

አክስሉ በ31 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተዛውሯል። ብየዳውን ራሴ አልሞከርሁትም፤ ባለሙያ ሠራው፣ እኔ ሜትሩን ያዝሁ። ከኳሱ እስከ ሁለቱ ጎማዎች ያለው ርቀት መጀመሪያ በ9 ሚሊ ሜትር ይለያይ ነበር፤ ነጥብ ብየዳው ተፈትቶ እንደገና ሲገጠም ወደ 1 ሚሊ ሜትር ወረደ። ግድግዳውን በፎምና በቀጭን ኮምፔንሳቶ ሠራሁት። ክዳኑን ግን ከአንድ ቀን በኋላ በችኮላ ፈትቼው ከታች 14 ሚሊ ሜትር ከፈተ፤ የውጩን ቆዳ ገፍፌ እንደገና አለበስሁት፣ ሁለተኛውን ጊዜ አራት ቀን ታስሮ ቆየ። አሁን የጎማ ማሸጊያው ዙሪያውን እኩል ይነካል።

በመጨረሻ ሙሉ ጭነቱን ጭኜ በከባድ መኪና ሚዛን ላይ አስመዘንሁት፤ 520 ኪሎ መጣ። ግድግዳውን አቅልዬ እንኳ ከግምቴ በ30 ኪሎ ከፍ አለ። ነገሩን ስመረምር ኢፖክሲ፣ ቀለም፣ ኮላ፣ ብሎን፣ ማጠፊያና ማሸጊያ በዝርዝሬ ውስጥ አልነበሩም። ቀጥሎ ጎማዎቹን በድንጋይ አግጄ፣ የክንዱን ጫፍ በመኪናው ኳስ ከፍታ ልክ በቆመ ጣውላ ደግፌ፣ ጣውላውን በሰው ሚዛን ላይ አቆምሁት። 55 ኪሎ አሳየ፤ ከ10 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ውሃውን ወደ ፊት ባዛውረው በስሌቱ መሠረት ወደ 70 ይደርሳል፣ መኪናዬ ከሚፈቅደው 75 በታች ነው። ረጅም መንገድ፣ እርስዎ ቢሆኑ ውሃውን ያዛውሩታል ወይስ እንዳለ ይተዉታል?

ረጅም መንገድ

ግማሹን አዛውረዋለሁ። ባለ 20 ሊትሩን በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይተኩት፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚጠጣው የኋላው ይሁን። ያኔ ጫናው ወደ 62 ኪሎ ይመጣል፤ የኋላው ውሃ እያለቀ ሲሄድ ጫናው ከዚህ አይወርድም፤ ቀጥሎ የፊተኛው ቢያልቅም ወደ 59 ኪሎ ነው የሚወርደው።

በመጀመሪያው ጉዞ ቀስ ብለው ይነሡ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው የጎማ ብሎኖቹን በቁልፍ ይፈትሹ፣ አዲስ የተገጠመ ጎማ ይረግባልና። እጅዎን በጎማው መሐል ላይ ያሳርፉ፤ ሞቅ ያለ ደኅና ነው፣ ካቃጠለዎት ግን ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል።

ጎጆ ሠሪ

ሁለቱን ጀሪካኖች ዛሬ ገዝቻለሁ። የፊተኛው ማሰሪያ ኮላው እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሙሉ ሁለት ቀን።